ሽታው የእኛ አልነበረም

ባለፈው ወር ሜልተን በሚባል የከተማችን ዳርቻ የሚከራይ ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እንደ ልማዱ አሥራ አምስት ሰው በር ላይ ተሰልፎ ተራ በተራ ይገባል። ገና ኮሪደሩን ስረግጥ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የከረመ ሽንት፣ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የበሰበሰ ቀይ ሽንኩርት የመሰለ ነገር። ቤቱን የሚያሳየው ኤጀንት፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት፣ ፊቴን አየና ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት የነበሩት ተከራዮች ምግባቸው ላይ ቅመም ያበዙ ነበር፣ ምንጣፉ ሲታጠብ ይለቃል አለኝ።

ደሜ ፈላ። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ በጣቴ እያሳየሁ፣ ይሄ የማንም ቅመም አይደለም፣ የፖሰም ሽንት ነው፣ አውሬው ጣሪያው ውስጥ ነው ያለው፣ መሰላል አምጣና ክፈተው አልኩት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ሳይጮህ አልቀረም፤ አንዲት ሴት ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ወጣቱ ምን አደረገኝ? ያን ቃል መናገር የነበረብኝ ለእሱ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር፣ ለሌላ ሰው ነበር መናገር የነበረብኝ።

ያኔ የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ፣ ጣሪያው ሸክላ የሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ማለት ሦስት ሰው፦ እናቴ አስቴር፣ የእናቴ አጎት ጋሼ ይርጋ፣ እና እኔ ቤዛ። እናቴ ከተማ መሃል ቢሮ ታጸዳለች፤ ሺፍቷ የሚጀምረው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለሆነ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ በር ላይ ናት። የጋሼ ይርጋ አንድ ጆሮ አይሰማም፤ ሁለተኛውም ደስ ሲለው ነው የሚሰማው። ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሳሎን ይቀመጣሉ። እና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሰማም ነበር። ድው፣ ድው፣ ድው ይላል። ከኮሪደሩ አናት ይነሳና በእኔ ክፍል ላይ አልፎ ወደ ኩሽና ይሄዳል። አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቆምና ያስላል። የሽማግሌ ሳል ነው እንጂ የአውሬ አይመስልም። ደግሞ እናቴ ግድግዳው ላይ ሥዕል ልለጥፍ ስል፣ በኮሪደሩ ስሮጥ፣ ምንጣፉ ላይ ጭማቂ ሲንጠባጠብብኝ፣ ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፦ ባለቤቱ ያስወጣናል። ባለቤቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አይተነው አናውቅም። ይህን ከዚያ ጋር ደመርኩትና ነገሩ ገባኝ። ባለቤቱ የሚኖረው ጣሪያው ውስጥ ነው። ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ተነስቶ ቤቱን እንዴት እንደያዝነው ይቆጣጠራል። ከዚያ ወዲያ በካልሲ ብቻ መሄድ፣ የቁም ሳጥን በር እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ መዝጋት ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰውን ማማት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፣ ያውም እየሰማ።

የካቲት ላይ ለኢንስፔክሽን፣ ቤቱን ልትፈትሽ፣ መጣች። ቤቱን ለባለቤቱ የምታከራይለት ኤጀንት ማለቴ ነው፤ ስሟን ረስቼዋለሁ፣ ሽቶዋን ግን አልረሳሁትም። ምድጃውን ከፈተች፣ የመታጠቢያ ቤቱን ስንጥቅ በጣቷ ዳሰሰች፣ ኩሽናው መሃል ቆመችና አፍንጫዋን አነሳች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ምን ብታነሳ ጥሩ ነው? የእናቴን የቅመም ብልቃጦች። በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳቻቸው። ከአናቷ ላይ ያለው ኮርኒስ ያኔም ቡናማ ነበር፤ ቀና ብትል ይበቃት ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። የቤቱ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ። የመብራቱን፣ የሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም ኩሽና ጠረጴዛው ጋ ወንበር ላይ ተንበርክኬ አነበብኩላት። ቤቱ ከምግብ አሠራራችን የተነሳ ይሸታል፣ በሚቀጥለው ኢንስፔክሽን ካልተስተካከለ ሰኔ ላይ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ አይታደስም ይላል። እናቴ ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ ተነስታ በረጅሙ አሸተተች፣ ወደ ኮሪደሩ ሄዳም አሸተተች።

"አፍንጫችን ለምዶት ነው እንጂ፣ እውነቷን ነው" አለች።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማመኗ። ጋሼ ይርጋ ይሄ የሽንኩርት ሽታ አይደለም፣ እኔ ሽንኩርት አውቃለሁ ብለው ሊከራከሩ ሞክረው ነበር። እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ከላይ አርማ ተደርጎበት የመጣ ነገር ለእሷ ውሸት ሊሆን አይችልም። ስደተኛ ሆና ስንት ዓመት ሙሉ ሕይወቷን የወሰነው ወረቀት ነዋ!

ወዲያው ጾም ገባ። ቡታጋዝ ገዛችና ምግብ ማብሰል ጓሮ ሆነ፣ የልብስ ማስጫው ሥር። ሽሮውን ነፋስ እየመታው አንዴ ያርራል፣ አንዴ ጥሬ ይሆናል። መጋረጃ በነጭ ኮምጣጤ ታጠበ፣ ምንጣፍ በሳሙና ተፈተገ፣ ሶፋው ፀሐይ ላይ ወጣ። ቅመሞቹ በሦስት ፌስታል ተጠቅልለው ጋራዥ ገቡ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ሽታ እንዳይነካው ብላ የመኪናዋ ኋላ፣ ትርፍ ጎማው አጠገብ ታስቀምጠው ነበር። በየጥጉ የአበባ ሽታ የሚረጭ ዕቃ ሰካችበት። ቤታችን ላቬንደር እና ሽንት ሸተተ እንጂ ምን ለውጥ መጣ?

ሽታው ሁሉንም ነገር አበላሸው ስል እያጋነንኩ አይደለም። እኔም ትምህርት ቤት ሹራቤን እያሸተትኩ መቀመጥ ጀመርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ትንሽ ስታንቀሳቅስ ክው እላለሁ። ምሳዬን በእንጀራ መቋጠር ይቅርብኝ አልኩ። አንድ ጠዋት እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ጣቷ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝና ጭንቅላቴን ነጥቄ፣ የምንገማው በአንቺ ምክንያት ነው አልኳት። በእንግሊዝኛ ነው ያልኳት። ያኔ የሚያስቆጣኝን ነገር ሁሉ የምናገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ አይገባትም ብዬ ነው። ሚዶውን አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ተመልሳ መጥታ ጸጉሬን ጨረሰችው።

ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ጓሮ ነው የተሠራው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ይዘንባል፤ ጋሼ ይርጋ ካፖርታቸውን ደርበው ካርቶን ይዘው ለቡታጋዙ ነፋስ ሲከላከሉለት ዋሉ። በዚህ አገር አንድ ክርስቲያን የዓመት በዓል ወጡን እንደ ሌባ ተደብቆ ይሥራ? እያሉ። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይበስል ቀረ። እንደዚያው በላነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ማኅበሩ ነው። እናቴ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። በወር በወር፣ ሃያ አንድ ቀን ሲሆን፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከስደት ጣቢያ ጀምሮ ለማርያም የተሳለችው ነው፤ ተራዋ ሲደርስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምትኖረው ለዚያ ቀን ነበር። ያን ዓመት ተራዋ ሚያዝያ ላይ ደረሰ። እሷም ስልክ አንስታ ዝለሉኝ አለች። ምክንያቱን ብትጠየቅ ሥራ በዛብኝ አለች። ቤቴ ይገማል እንዴት ትበል? ሴቶቹ ቅር አላቸው፣ አንዳንዷም አስቴር ኮርታለች ብላ እንዳማቻት ሰማን። ያን ቀን መኝታ ቤቷ ገብታ ከውስጥ ዘጋች። እኔ ደግሞ በር ላይ ተቀምጬ፣ ከላይ ያለው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አዝኖላት ምነው ቢተወን እያልኩ አንጋጥጬ ለመንኩት።

መላውን ያመጡት ጋሼ ይርጋ ናቸው። ግንቦት ልደታ ቀረበ። ልደታ የሚከበረው ደጅ ነው፤ ንፍሮውም ዳቦውም ውጭ ይበላል፣ ወደ ቤት አይገባም። እና ጋሼ ይርጋ እናቴን፣ ማኅበርተኞችሽን ለልደታ ጥሪያቸው፣ ማንም ቤትሽ ሳይገባ ይስተናገዳል አሏት። ፊቷ ላይ ብርሃን ሲመጣ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ስንዴ፣ ሽንብራ፣ ባቄላ ተነከረ። ዳቦው በጎረቤት ምድጃ ተጋገረ። የጓሮውን በር ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ያን ዓመት ልደታ እሁድ ዋለ። ብርድ ነው፤ ሴቶቹ ከነካፖርታቸው ባሕር ዛፉ ሥር ተደርድረው ንፍሮ እየዘገኑ ይጫወታሉ። እናቴ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደች ትስቃለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ያ ነገር ጀመረ። ድው፣ ድው፣ ድው። ከውጭ ሲሰማ ይብሳል። ሴቶቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከዚያ አሳለው።

እኔ ቆሌዬ ተገፈፈ። እኛ ግቢውን ሞልተን ስንጮህ ሰምቶ ተቆጥቶ ነው የመጣው ብዬ፣ "ዝም በሉ፣ ባለቤቱ ነው" አልኳቸው።

የጣሪያው ጠርዝ ላይ አንድ ሸክላ የተሰበረ ነበር። ከዚያ ቀዳዳ መጀመሪያ ሮዝ አፍንጫ ወጣ፣ ቀጥሎ የጥንቸል የሚመስል ጆሮ፣ ቀጥሎ ድመት የሚያህል አመድማ ገላ፣ ከኋላው እንደ ጥቁር መጥረጊያ ያለ ጅራት። ጀርባው ላይ ትንሽዬ ልጅ ተለጥፋለች። የዝናብ ቧንቧውን ተንጠላጥሎ ወረደና፣ አሥራ ሁለት ሴት እያየው፣ ከሰፌዱ ላይ ቁራሽ ዳቦ አንስቶ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይበላ ጀመር። ጋሼ ይርጋ ሸለመጥማጥ ነው ብለው ከዘራቸውን አነሱ። እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ፣ ይሄን ነው ለስንት ወር የፈራሁት? እያልኩ ጨው ሆኜ ቀረሁ።

ከሴቶቹ መሃል እትዬ ዘነበች የሚባሉ የሜልተን ሰው ነበሩ። ፖሰም ነው፣ የእኔም ቤት ገብቶ ነበር አሉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ግድግዳው ተጠጉና አሸተቱ።

"አስቴር፣ ቤትሽ ውስጥ የገማ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ይሸታል?"

እናቴ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ቁልፉን ከጉያዋ አወጣችና በሩን ከፈተችው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተከትለዋት ገቡ። ጋሼ ይርጋ መሰላል አመጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጣሪያ ክዳን በከዘራ ገፋ ሲያደርጉት ሽታው እንደ ውሃ ወረደብን። ቅጠል፣ የተበጣጠሰ የሙቀት መከላከያ ጥጥ፣ የአውሬ ዓይነ ምድር ክምር፣ ሽንት የጠጣ እንጨት። እናቴ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መስሎን ነበር። አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። ተቆጥታ እንደዚያ ሆና ከዚያ በፊትም በኋላም አላየኋትም። ፋሲካዬን፣ ማኅበሬን፣ ነጠላዬን እያለች ለማንም ሳይሆን ለኮርኒሱ ተናገረች። እትዬ ዘነበች ሊያበርዷት ብለው፣ ምን ታርግ፣ እሷም ልጅ ያዘለች እናት ናት አሏት።

"እናትስ እኔም ነኝ" አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ትሰሚው ነበር? አለችኝ። አዎ አልኩ። ለምን አልነገርሽኝም? ባለቤቱ መስሎኝ አልኳት። ባለቤቱ ቢሆንስ? ልትለኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔን ያስፈራችኝ ማን እንደሆነች ትዝ ሳይላት አልቀረም።

በማግስቱ ወደ ኤጀንቷ የደወልኩት እኔ ነኝ። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ደወልኩ። አንዴ ለባለቤቱ እነግራለሁ አለች፣ አንዴ ምግብ ደጅ ባትተዉ አይመጣም ነበር አለች፣ አንዴ ስብሰባ ላይ ነኝ አለች። በመጨረሻ አውሬ ለመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው ተላከ። ወጥመዱ ውስጥ ፖም አስገብቶ ያዛትና፣ ሲመሽ እዚሁ ግቢያችሁ መልሼ እለቃታለሁ አለን። ሕጉ ነው፤ ከሰፈሯ አርቆ መውሰድ፣ መጉዳት አይቻልም። ከተሰበረው ሸክላ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፉ ላይ፣ የእንጨት ቤት ሠራላት። በር አለው፣ ክዳን አለው፣ ዝናብ አያስገባም። ከዚያ ጣሪያው ውስጥ የቆሸሸውን ሁሉ ጠርጎ አወጣና ሸክላውን ጠገነ።

ጋሼ ይርጋ ይህን ሁሉ በእኔ አስተርጓሚነት ሰሙ። ዛፉ ላይ ያለውን ቤት ትንሽ አዩት።

"ጠይቂልኝ እስቲ፣ እኛ ሰኔ ላይ ስንባረር የሚሰቅልልን ሣጥን አለው?" አሉኝ።

ሰውዬው ሳቀ። ጋሼ ይርጋ ግን አልሳቁም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ኤጀንቷ ተመልሳ መጣች። ያን ቀን እናቴ ከጠዋት ጀምራ ኩሽናው ውስጥ፣ በራሳችን ምድጃ ላይ፣ ዶሮ ወጥ ሠራች። በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን ከጋራዥ አውጥታ መደርደሪያው ላይ መልሳ ደረደረቻቸው፣ ስማቸው ያለበትን ወገን ወደ በሩ አዙራ። መስኮት አልከፈተችም። እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታኛለች። ነጠላዋን ከመኪናው አውጥታ ለብሳለች። ወጡ እየተንተከተከ ነው ሴትዮዋ የገባችው።

ኮሪደሩ ላይ ቆመች፣ አፍንጫዋን አነሳች። ኮርኒሱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ኩሽና ገባች፣ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ፊቷ በራ። በጣም ተሻሽሏል አለች። አያችሁ፣ የምግብ አሠራራችሁን ትንሽ ስታስተካክሉ ስንት ለውጥ አለው፣ ጎበዞች፣ ለባለቤቱ እጽፍለታለሁ፣ ሊዙ ይታደሳል አለች። ይህን የምትለው ከድስቱ አንድ እርምጃ ላይ ቆማ ነው። አንድ እርምጃ! የፖሰሙን ነገር አራት ጊዜ የነገርኳት ያቺው ሴት።

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ማማሰያውን አስቀመጠችና ቀጥ አለች። ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ እንደከረመች ያኔ ነው የገባኝ።

"በያት፦ ሽታው የእኔ አልነበረም። ዛሬ የምሠራው ያኔ የምሠራውን ነው፣ ይኸው ወጤ እሳት ላይ ነው። ያን ደብዳቤ ሰርዢና ይቅርታ ጠይቂኝ። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።"

ሁሉንም ማለት እችል ነበር። ቃላቱ ሁሉ ነበሩኝ፤ አንድም የማላውቀው ቃል አልነበረም። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ጎንበስ አለች፣ ሽቶዋ መጣ፣ ሊዙ እጇ ላይ ነው። እናቴ በአንድ ወገን፣ እሷ በአንድ ወገን ቆመው ይጠብቁኛል።

እናቴ አመሰግናለሁ ትላለች አልኳት። ታንክ ዩ።

ሴትዮዋ ራሴን ዳበስ አድርጋ ወጣች። የመኪናዋ ድምፅ ራቀ። ከዚያ እናቴ ወደ ድስቱ ዞረች፣ ማማሰያውን አነሳች፣ ወጡን ከሥሩ ቀስ ብላ አማሰለችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

"ታንክ ዩን እኔም አውቃታለሁ፣ ቤዛዬ። ለእሷ ቃል ቢሆን አንቺን ከትምህርት አላስቀርሽም ነበር።"